እሑድ እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ

ጎረቤቶቼ፣ ያ ቦይ ትዝ ይላችኋል? በራችን ላይ ተቆፍሮ ልጆቻችን ሲዘሉበት የከረሙት፣ ቱቦ ተቀብሮበት የተደፈነው? «ፋይበር ሊገባላችሁ ነው» ተባልን። ደስ አለን። ሁለት ክረምት አለፈ። ደረጃው ሥር የተሰቀለው ሣጥን ዛሬም ባዶ ነው፤ እስካሁን የገባበት ክር የሸረሪት ድር ብቻ ነው።

ይብቃ!

በየግላችን ጠይቀናል። እኔም ወደ ቴሌኮም ድርጅቱ ሄጄ «ይጠብቁ፣ በፕሮግራም ነው» ተብዬ ተመልሻለሁ። እናንተም ይህንኑ ሰምታችኋል። ታዲያ እስከ መቼ በየተራ እንመላለሳለን?

ፋይበር ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የመስታወት ክር ነው፤ መልእክቱን የሚያደርሰው በብርሃን ነው። ከጣቢያ የሚነሳ አንድ ክር በማከፋፈያ ተከፋፍሎ 32 ቤት፣ አንዳንዴም 64 ያዳርሳል። የእኛ ብሎክ 30 ቤት ነው። ልብ በሉ! ለአንድ አመልካች ብሎ ያን ሁሉ ሥራ ማን ይሠራል? 30 ቤት በአንድ ወረቀት ሲጠይቅ ግን አንዱ ክር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንል የለ? ይሄኛው ድር ካላበርን ጭራሽ አይመጣም።

የስልክ መስመሩማ መዳብ ነው፤ ከጣቢያ በራቀ ቁጥር ይደክማል። እኛ ደግሞ ጫፍ ላይ ነን። ስለዚህ ፓኬጅ እንገዛለን፤ ያልቃል፤ ደግመን እንገዛለን። አራተኛ ፎቅ ያለችው ተማሪ ትምህርቷን ለማውረድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ትነሳለች። ዓረብ አገር ያለች ልጇን የናፈቀች እናት ምስሉ ደርቆባት «ልጄ፣ ይሰማሻል?» ስትል ታመሻለች። በኮምፒውተር ሠርቶ የሚያድረው ወጣት ካፌ ለካፌ ይዞራል፤ ግማሽ ገቢው ማኪያቶ ሆኖ ቀርቷል።

ተነሱ! እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት እድር ቤት ተገናኝተን የጋራ ማመልከቻ እንፈርም። ስም፣ ብሎክ፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። በቃ። ተከራይም ይፈርም፤ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት እሱም ነው።

የማኅበራችን ኮሚቴዎች፣ እናንተ ደግሞ ፍጠኑ! ደረጃውና መተላለፊያው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራችን ነው። ገመዱ እንዲያልፍ የፈቀድንበትን ደብዳቤ ከወዲሁ ማኅተም አድርጉበት። «ነዋሪው አልፈቀደም» የሚል ሰበብ እንዳይገኝ!

ማመልከቻውን አብረን ለድርጅቱ እናስገባ። የገቢ ቁጥር እንቀበል። የሚጀመርበት ቀን በጽሑፍ ይሰጠን። ዝም ካሉን ቁጥሩን ይዘን ወደ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን እንሂድ፤ የተጠቃሚን ቅሬታ መስማት ሥራው ነው።

ዛሬ ማታ ሁለት በር አንኳኩ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። የማትግባቡትንም ጎረቤት ጭምር። የውሃው ጠብ ለሰኞ ይደር።