ሮክ ኤንድ ሮል ያልከፈለው ሒሳብ

የሮክ ኤንድ ሮል ልደት ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከሐምሌ 1954 ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኤልቪስ ፕሪስሊ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር ሜምፊስ ከተማ ወደሚገኘው የሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ ገባ፤ የጥቁሮቹን ብሉዝ ከነጮቹ ካንትሪ ጋር አዋሕዶ ዘፈነ፤ ከዚያ ወዲያ የዓለም ሙዚቃ መልኩን ቀየረ ይባላል። ትረካው ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ኤልቪስ ያን ጊዜ የዘፈነው «ዛትስ ኦል ራይት» የሚሲሲፒ ተወላጅ የሆነው ጥቁሩ የብሉዝ ተጫዋች አርተር ክሩደፕ በ1946 በሸክላ ያስቀረጸው የራሱ ድርሰት ነበር። ዘፈኑ ዓለምን ሲዞር ክሩደፕ የሚገባውን ክፍያ ሳያገኝ በጉልበት ሥራ ሲተዳደር ኖሮ በ1974 ሞተ። ነጮቹ ወጣቶች የጥቁሮቹን ሙዚቃ መዋሳቸውን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ ሙዚቃ የሚያድገው በመዋዋስ ነው። የሚያንገበግበው የባለቤቶቹ ስም ከትረካው፣ ድርሻቸው ደግሞ ከሒሳብ መዝገቡ መጉደሉ ነው። የሮክ ኤንድ ሮልን አመጣጥ መመርመር ዛሬም ዋጋ ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

ምርመራው መጀመር ያለበት ከቤተ ክርስቲያን ነው። ሮዜታ ታርፕ በ1915 አርካንሳስ ውስጥ ኮተን ፕላንት በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደች። እናቷ «ቸርች ኦፍ ጎድ ኢን ክራይስት» በሚባለው የጥቁሮች የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሰባኪ ነበሩ። በዚያ ቤት ከበሮና ጊታር፣ ጭብጨባና እልልታ የአምልኮው አካል ናቸው፤ ሮዜታም ገና በልጅነቷ ጊታር አንግታ ከእናቷ ጋር እየዞረች ትዘምር ነበር። በ1938 ኒው ዮርክ ውስጥ ዴካ ለተባለው ኩባንያ መዝሙሮቿን ቀረጸች፤ በዚያው ዓመት ኮተን ክለብ በተባለው ታዋቂ የምሽት ቤትና በካርኔጊ አዳራሽ መድረክ ላይ ቆመች። ምእመናን መዝሙር በጭፈራ ቤት መሰማቱ አስቆጥቷቸዋል፤ እርሷ ግን ሁለቱንም ዓለም ይዛ ቀጠለች። በ1945 የወጣው «ስትሬንጅ ቲንግስ ሃፕኒንግ ኤቭሪ ዴይ» የጥቁሮች ሸክላ ሽያጭ በሚለካበት ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። ይህን ሸክላ የሚያደምጥ ሰው የጊታሩን ሹል ድምፅ፣ ወደፊት የሚገፋውን ምትና ጊታሩ ለድምፃዊቷ የሚሰጠውን ምላሽ ኤልቪስ ወደ ስቱዲዮ ከመግባቱ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ተሟልተው ያገኛቸዋል። በ1947 ጆርጂያ ውስጥ ሜከን ከተማ ላይ አንድ ታዳጊ ከእርሷ ዝግጅት በፊት መድረክ ላይ ወጥቶ እንዲዘፍን ዕድል ሰጥታዋለች። ያ ታዳጊ በኋላ ሊትል ሪቻርድ ተብሎ የታወቀው ነው።

ታሪክ ጸሐፊዎች «የመጀመሪያው የሮክ ኤንድ ሮል ሸክላ» እያሉ ደጋግመው የሚያነሡት በመጋቢት 1951 በዚያው በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ የተቀረጸውን «ሮኬት 88» ነው። የተጫወቱት የአይክ ተርነር ጓዶች ናቸው። ከሚሲሲፒ ወደ ሜምፊስ ሲጓዙ የጊታር ድምፅ ማጉያቸው ተጎዳ፤ ውስጡ ወረቀት ተጠቅጥቆ ሲቀረጽ የተሰማው ሻካራ ድምፅ ከጊዜ በኋላ የሮክ ጊታር መለያ ሆነ። ሸክላው ግን የወጣው በባንዱ መሪ በተርነር ስም አልነበረም፤ ድምፃዊው ጃኪ ብሬንስተን በእውን ያልነበረ ባንድ መሪ ተደርጎ ታተመ። የባለቤቶችን ስም የመሰረዙ ልማድ ከመነሻው እንደነበረ ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ ሮክ ኤንድ ሮል ቅይጥ ነውና ባለቤት አይፈለግለትም ይባላል። ቅይጥ መሆኑ እርግጥ ነው። ቸክ ቤሪ በ1955 ያወጣው «ሜይቤሊን» የተመሠረተው «አይዳ ሬድ» በተባለ የነጮች የካንትሪ ዘፈን ላይ ነው። ቢግ ማማ ቶርንተን በ1952 የቀረጸችውን «ሃውንድ ዶግ» የጻፉላት ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር የተባሉ ሁለት ነጭ አይሁዳውያን ወጣቶች ነበሩ፤ የሸክላው አሳታሚ ዶን ሮቢ ደግሞ ጥቁር ነጋዴ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን ነጭ ሰረቀ፣ ጥቁር ተሰረቀ ብሎ መዝጋት አይቻልም። ነገር ግን መቀላቀሉ ራሱ የሒሳቡን ጥያቄ አይመልስም። የቶርንተን ሸክላ በ1953 በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ ለሰባት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ እርሷ ግን ከዚያ ሁሉ ያገኘችው አምስት መቶ ዶላር ገደማ ብቻ እንደሆነ ኋላ ተናግራለች። ኤልቪስ በ1956 ያንኑ ዘፈን ሲያወጣ በሚሊዮኖች ተሸጠ፤ ለእርሷ የደረሳት ነገር አልነበረም።

ምክንያቱ የግለሰቦች ክፋት ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። የ1909 የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንድ ዘፈን አንዴ ከተቀረጸ በኋላ የተወሰነ ክፍያ የከፈለ ማንም ሰው እንደገና እንዲቀርጸው ይፈቅድ ነበር፤ ክፍያው የሚሄደው ግን ለደራሲው ወይም ለድርሰቱ አሳታሚ እንጂ ለዘፈኑ ነፍስ ለሰጠው ድምፃዊ አልነበረም። የተቀረጸው ድምፅ ራሱ በፌዴራሉ ሕግ ጥበቃ ያገኘው በ1972 ነው። ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው በፋትስ ዶሚኖ ላይ ነው። ፓት ቡን የተባለው ነጭ ዘፋኝ በ1955 «ኤይንት ዛት ኤ ሼም»ን ደግሞ ሲዘፍነው በፖፕ ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ የዶሚኖ የራሱ ሸክላ በዚያ ሰንጠረዥ ዝቅ ብሎ ቀረ። ዶሚኖ ግን ከዴቭ ባርቶሎሚው ጋር የድርሰቱ ባለቤት ስለነበረ ከቡን ሽያጭም ድርሻ አግኝቷል። ቶርንተን ደራሲ ስላልነበረች የአዘፋፈን ስልቷ እንደ ንብረት አልተቆጠረላትም። ደራሲ መሆንም ቢሆን ዋስትና አልነበረም። በ«ሜይቤሊን» ላይ አላን ፍሪድ የተባለው ዝነኛ የሬዲዮ ሰው የቤሪ ተባባሪ ደራሲ ሆኖ ተመዘገበ፤ አንዲት ስንኝ ሳይጽፍ፣ ዘፈኑን በሬዲዮ እንዲያጫውተው ብቻ። ቤሪ ሙሉ መብቱን ያስመለሰው በ1986 ነው።

ሌላው ተቃውሞ ልብ የሚነካ ነው፦ ይህ ሙዚቃ ነጭና ጥቁር ወጣቶችን አንድ ላይ አስጨፍሮ የዘር መድልዎን ግንብ አናግቷል፤ ታዲያ ስለ ገንዘብና ስለ ስም ማውራት ምን ይጠቅማል? የሙዚቃውን ኃይል አልክድም። በደቡብ ግዛቶች አዳራሽ ውስጥ ሁለቱን ዘሮች ለመለየት የተዘረጋው ገመድ በጭፈራው መሐል የወደቀባቸው ምሽቶች ነበሩ። ሆኖም በሚያዝያ 1956 አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም ላይ ናት ኪንግ ኮል፣ የሮክ ተጫዋች እንኳ ያልሆነው ለስላሳው ድምፃዊ፣ ለነጭ ታዳሚ እየዘፈነ ሳለ መድረክ ላይ ጥቃት ተፈጸመበት። ዘፈናቸው በየጁክቦክሱ የሚጮኸው ጥቁር ሙዚቀኞች በዘፈኑበት ከተማ ሆቴል ማደር አይፈቀድላቸውም ነበር። ሙዚቃውን መውደድና ሙዚቀኛውን እንደ ሰው መቁጠር ተለያይተው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ያ ዘመን ይህን አሳይቷል። ኤልቪስ ራሱ ጥቁሮች ይህን ሙዚቃ ከእርሱ ብዙ ቀድመው ይጫወቱት እንደነበር በ1950ዎቹ ለጋዜጠኞች በግልጽ ተናግሯል። ምስክርነቱን ወደ ጎን ያለው በዙሪያው የተገነባው ትረካ ነው።

የትረካው ጉድለት በመቃብርም ላይ ታይቷል። በ1964 ማንቸስተር በሚገኝ ሥራ ባቆመ የባቡር ጣቢያ በዝናብ መሐል ለብሪታንያ ቴሌቪዥን የተጫወተችው ሮዜታ ታርፕ በ1973 ፊላደልፊያ ውስጥ አረፈች፤ መቃብሯ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ ያገኘው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ኤልቪስንና ቤሪን በ1986 ሲያስገባ፣ እርሷን ያስገባው በ2018 ነው። ቶርንተን ከሞተች አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ እስከ 2024 መጠበቅ ነበረባት።

ይህ ሙዚቃ በ1960ዎቹ አሥመራ በነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ስርጭትና በሸክላ ወደ እኛም ደርሷል። ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ የኤልቪስን ዘፈኖች እየዘፈነ ጀምሮ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» እስከመባል ደረሰ፤ ኤልቪስ ደግሞ ከነማን እንደተማረ አይተናል። ዓለማየሁን ስናነሣ ግን አብሮት ዓለም-ግርማ ባንድን የመሠረተውን፣ የዚያን ዘመን በርካታ ሥራዎች ያቀናበረውን ግርማ በየነን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲውም ለተጫዋቹም መብት ሰጥቷል፤ በዚሁ አቆጣጠር በ2007 የወጣው አዋጅ ቁጥር 872ም አሻሽሎታል። ሕጉ ካለ የሚቀረው ልማዱ ነው። የኤፍ ኤም አዘጋጆች ሆይ፣ ዘፈን ባጫወታችሁ ቁጥር ከድምፃዊው ጋር የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤቶች ስም ጥሩ፤ ሠርተው በሕይወት ያሉት ስማቸውን ገና በጆሯቸው እየሰሙ።