ሆዴ ጾሞ አንደበቴ የገደፈ ቀን

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጥፋቴ ነው። ጥፋቱን የሠራሁት ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ውስጥ ነው። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። እንዲያውም በአንድ የአማርኛ ቃል ሊጠቃለል ይችላል፦ «አንቺ»።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ዐቢይ ጾም ማለት ከፋሲካ በፊት የሚጾመው የ55 ቀን ጾም ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። የሚችል ሰው ደግሞ እስከ ከሰዓት በኋላ ምንም ሳይቀምስ ይቆያል። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመማር አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ጾሙን አቋርጬ አላውቅም። በዚህም በልቤ ትንሽ እኮራ ነበር። በሥራ ቦታዬ ለሰው ልደት ኬክ ሲቆረስ «እኔ ጾመኛ ነኝ» ማለት ደስ ይለኝ ነበር።

ያን ቅዳሜ እናቴ ከአዲስ አበባ በዋሽንግተን በኩል ትመጣ ነበር። ከዋሽንግተን የተነሣው በረራ በሦስት ሰዓት ዘገየ። እኔ በዚያ እንደ ድንኳን በተወጠረ ነጭ ጣሪያ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። በጆሮዬ መዝሙር እየሰማሁ ነበር።

አውሮፕላኑ አረፈ። ከመሬት በታች ያለው ባቡር ሰዎችን እያመጣ አወረደ። ሁሉም ወጡ፤ እናቴ ግን የለችም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ በዊልቸር ተቀምጣ ብቅ አለች። የምትገፋት የአገራችን ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ከእናቴ ብዙም አያንስም። ዴንቨር አየር ማረፊያን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል፤ ዊልቸር ከሚገፉት፣ ወለል ከሚያጸዱትና ታክሲ ከሚነዱት መካከል ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ናቸው።

እኔም ሰላም ሳልላቸው እንዲህ አልኩ፦ «የት ቆይተሽ ነው? ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ እኮ! ሥራሽን አታውቂም?»

ሴትዮዋ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «ይቅርታ ጌታዬ» አሉኝ።

እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሻንጣ መቀበያው ጋ ስንደርስ አንዱ ሻንጣ አልመጣም። በርበሬውና ሽሮው ያለበት ነው። እኔ የበለጠ ተናደድኩ። ሴትዮዋን ሳላመሰግን፣ ጉርሻም ሳልሰጥ ወጣን።

«አንቺ» መቼ ፍቅር፣ መቼ ንቀት ነው?

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋው ትንሽ ልንገራችሁ። እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መጠሪያ አለው። አማርኛ ግን ይለያል። ታናሽን፣ ጓደኛንና የቅርብ ሰውን «አንተ» ወይም «አንቺ» እንላለን። የማናውቀውን ታላቅ ሰው ግን «እርስዎ» እንላለን። በጎጃምና በጎንደር ብዙ ሰው «አንቱ» ይላል።

እኔ እናቴን «አንቺ» እላታለሁ። ይህ ንቀት አይደለም፤ ፍቅር ነው። የማላውቃቸውን እናት ግን በቁጣ «አንቺ» ማለት ሌላ ነገር ነው። «አንቺ ከእኔ በታች ነሽ» ማለት ነው። እናንተ እየተማራችሁ ስለሆነ ብትሳሳቱ ማንም አይቀየማችሁም። እኔ ግን አልተሳሳትኩም። የትኛው ቃል እንደሚያቆስል አውቄ መረጥኩት።

በመኪና ወደ አውሮራ ስንመለስ እናቴ በመጨረሻ ተናገረች።

«ዛሬ ጾምህን ገደፍክ» አለችኝ። መግደፍ ማለት ጾምን ማፍረስ፣ በጾም ጊዜ የተከለከለውን መብላት ነው።

«እማዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልጠጣሁም» አልኳት።

«ሆድህማ ጾሟል፤ አንደበትህ ነው የገደፈው። መጸዳጃ ቤት አድርሺኝ ብዬ ያስቆየኋት እኮ እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ ሊፍት ጠበቅን። እሷም ጾመኛ ናት፤ ከንጋት ጀምሮ ቆማ ነው የዋለችው። አንተ ሁለቱንም አልጠየቅክም።»

መልስ አልነበረኝም።

ቤተ መቅደሱ ሲገለበጥ

በማግስቱ እሑድ ነበር። የዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ «ምኵራብ» ይባላል። ምኵራብ ማለት አይሁድ ለጸሎትና ለትምህርት የሚሰበሰቡበት ቤት ነው። በዚያ ቀን በቤተ ክርስቲያን የሚታሰበው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለው ታሪክ ነው። ኢየሱስ ወደ ቤተ መቅደስ ገብቶ ከብትና ርግብ ሻጮችን አስወጣ፤ የገንዘብ ለዋጮቹንም ገበታ ገለበጠ።

ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜም ስለ ሌሎች ሰዎች ይመስለኝ ነበር። ልብ በሉ፤ እነዚያ ነጋዴዎች የሚሸጡት ለመሥዋዕት የሚያስፈልግ እንስሳ ነበር። ሥራቸው ከአምልኮው ጋር የተያያዘ ነው። ከውጭ ለሚያየው ሁሉም ነገር ሃይማኖታዊ ነበር። ጌታ ያየው ግን ሌላ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይህ ሐሳብ ደጋግሞ ይመጣል። በኢሳይያስ ምዕራፍ 1 እግዚአብሔር መሥዋዕቱ፣ በዓላቱና ጸሎቱ እንደ ሸክም እንደሆኑበት ይናገራል። ምክንያቱም የሚጸልዩት ሰዎች እጅ በደም ተነክሯል። መፍትሔውንም ያሳያል፤ ክፉ ማድረግን መተው፣ ፍትሕን መፈለግ፣ ለወላጅ አልባው መፍረድ፣ ለባልቴቲቱ መቆም። ነቢዩ አሞጽም በምዕራፍ 5 ድሀን እየረገጡ በዓል የሚያከብሩ ሰዎችን ዝማሬ እግዚአብሔር እንደማይሰማ ይናገራል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የከበደኝ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ነው። እዚያ ሰዎቹ «ጾመናል፤ ለምን አታይልንም?» ብለው ያማርራሉ። መልሱ የሚያሳፍር ነው፦ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ፤ እየተጾመም ትጣላላችሁ የሚል ነው። ከዚያ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ምን እንደሆነ ይዘረዝራል፤ የታሰረን መፍታት፣ ለተራበ ማካፈል፣ ቤት የሌለውን ማስጠጋት።

ይህን ሳነብ ዊልቸር የሚገፉት ሴት ትዝ አሉኝ።

ጉዳዩ በአገራችንም አዲስ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው የቡልጋዋ ክርስቶስ ሠምራ ባለጸጋና ባለትዳር ነበረች። ገድሏ እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን በአገልጋይዋ ተቆጥታ የሚነድ እንጨት በአፏ ከተተችባት፤ ልጅቷም ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ ደንግጣ አለቀሰች፣ ጸለየች፤ አገልጋይዋም ተነሣች ይላል ገድሉ። ከዚያ በኋላ ሀብቷንና ቤቷን ትታ መነነች። ዛሬ ብዙዎች በስሟ የሚማጸኑት ቅድስት የተጓዘችው ረጅም መንገድ የጀመረው በአንዲት አገልጋይ ላይ ከሠራችው ግፍ ነው። ስንቶቻችን የቤት ሠራተኛ እያስለቀስን ዝክር አዘጋጅተናል?

ሻንጣና ጸሎት

ሶፍትዌር ኢንጂነር ስለሆንኩ ይህ አየር ማረፊያ በእኛ ሙያ በምን እንደሚታወቅ ልንገራችሁ። ሲሠራ፣ ሻንጣዎችን ሁሉ በኮምፒውተር በሚመሩ ጋሪዎች ለማድረስ ታቅዶ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ለጋዜጠኞች ሲታይ ጋሪዎቹ ተጋጩ፣ ሻንጣዎች ተቀደዱ፣ ልብስ ወለሉ ላይ ተበተነ። አየር ማረፊያው ከታቀደው 16 ወር ዘግይቶ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1995 ተከፈተ። ያ የሻንጣ ሥርዓት በ2005 ጨርሶ ተተወ። ታሪኩ እስከ ዛሬ ለተማሪዎች ይነገራል።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነገር ነው። ጋሪው ይሮጣል፣ መብራቱ ይበራል፣ ቀበቶው ይዞራል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሻንጣው ባለቤቱ ጋ ካልደረሰ ሥራው አልተሠራም። አምልኮም እንዲሁ ነው። መቆም፣ መስገድ፣ መዘመርና መጾም ሊኖር ይችላል። ፍቅር ወደ ሰው ካልደረሰ ግን እንቅስቃሴው ብቻ ይቀራል።

«እንግዲያው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ለምን ያስፈልጋል? ጥሩ ሰው መሆን ይበቃል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይህን ጥያቄ ከእናንተ ዕድሜ ልጆች ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ነቢያቱ ግን አምልኮን ተዉ አላሉም። ኢየሱስም በማቴዎስ ምዕራፍ 23 አሥራት እያወጡ ፍትሕንና ምሕረትን የተዉትን ሲገሥጽ፣ አንዱን አድርጉ ሌላውንም አትተዉ ነው ያለው። ጾሙ ባይኖር ኖሮ እናቴ «ገደፍክ» የምትልበት ቃል ባላገኘች ነበር። ጾሙ ጥፋቴን የማይበት መስተዋት ሆነኝ።

ወደ አየር ማረፊያው መመለስ

በቅዳሴ ውስጥ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሰላም እጅ መንሻ የሚሰጣጡበት ጊዜ አለ። ያን እሑድ በቀኜም በግራዬም ላሉት ጎንበስ አልኩ። አንገቴ ግን ከበደኝ። በማቴዎስ ምዕራፍ 5 መባህን ይዘህ ሳለ የተቀየመህ ሰው ትዝ ቢልህ፣ መባውን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ የሚል ትእዛዝ አለ። መባ ማለት ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ስጦታ ነው። ትእዛዙ «በልብህ ተጸጸት» አይልም፤ «ሂድ» ይላል።

ሻንጣው እሑድ ማታ እንደደረሰ ተነገረን። ልቀበል ስሄድ ሴትዮዋን ፈለግኩ። «ማክሰኞ ነው የሚገቡት» አለኝ አንድ የሥራ ባልደረባቸው። ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ በባቡር ሄድኩ። እናቴ ከሻንጣው በርበሬ ቋጥራ ሰጥታኛለች። እኔም ያልሰጠሁትን ጉርሻ በፖስታ ይዣለሁ። ለይቅርታ ዋጋ እንደምከፍል እንዳይመስልባቸው ፈርቼ ፖስታውን ብዙ ጊዜ ከኪሴ አወጣሁ፣ መለስኩ።

ባዶ ዊልቸር እየገፉ አገኘኋቸው።

«እናቴ፣ ቅዳሜ ዕለት የተቆጣሁዎት ልጅ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉኝ። ይህ በአገራችን ለይቅርታ የሚሰጥ መልስ ነው፤ ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ እንደማለት።

«ረስተውት ይሆን ብዬ ነበር» አልኩ፤ ነገሩን ለማቅለል ፈልጌ።

«አልረሳሁትም» አሉ። «በዚያ ቀን የተቆጣኝ አምስተኛው ሰው አንተ ነህ። አራቱን ረሳኋቸው፤ ምን እንዳሉም ብዙ አልገባኝም። አንተ ግን በአማርኛ ነው የተቆጣኸኝ።»

በርበሬውን ስሰጣቸው እንደ ሕፃን ልጅ አፍሬ ነበር ብል ይቀላል፤ ሰጪው እኔ ሆኜ ሳለ ተቀባይ የሆንኩ መሰለኝ። አሽትተው ሳቁ። «የእናትህ እጅ ነው?» አሉ። ፖስታውን በመጨረሻ ተቀበሉኝ፤ «ይህ የሠራሁበት ነው» ብለው። ልክ ነበሩ። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 እንደተነገረው፣ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጾመኛ ነኝ ለማለት አልቸኩልም። ጾሙን ግን አልተውኩም። ቅዳሜን ሳስብ የሚቆጨኝ መቆጣቴ ብቻ አይደለም። የእናቴ ቋንቋ በዚያ ሰፊ አየር ማረፊያ ውስጥ ለአንዲት የደከሙ እናት እንደ ቤት መሆን ሲችል፣ እኔ ዱላ አደረግኩት።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይኸው። ዊልቸር የሚገፉ፣ ወለል የሚጠርጉ ወይም ታክሲ የሚነዱ የአገራችን ታላላቅ ሰዎች ስታገኙ በአማርኛ ሰላም በሏቸው፦ «እንደምን ዋሉ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» አነጋገራችሁ ቢሰበር ግድ የለም። እነሱ ያስተካክሉታል።

እስከ ሳምንት ደህና ሰንብቱ።