ድምፁን ወዶ እጁን መናቅ

ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር መሣሪያ ነው። አውታሩ አንድ ይሁን እንጂ ያሰናዳው እጅ ግን አንድ አይደለም። አራት ማዕዘኑን የገጠመው አናጢ ነው፤ ፊቱን የሸፈነውን ቆዳ ያለፋው ፋቂ ነው፤ እንጨቱ የተጠረበበትን መጥረቢያ የቀጠቀጠው ብረት ሠሪ ነው፤ ለአውታሩና ለደጋኑ የሚሆነውን ጭራ ያስገኘው ፈረስ አርቢው ነው። አዝማሪው ደጋኑን በዕጣን አሽቶ በአውታሩ ላይ ሲስብ የእነዚህ ሁሉ ላብ በአንድነት ይሰማል። ይሁንና ኅብረተሰባችን ለዘመናት ድምፁን እየወደደ እጁን ሲንቅ ኖረ። ይህ ቅራኔ ዛሬም አልተፈታም፤ እንዲያውም በበዓል ጌጥ ተሸፍኖ ቀጥሏል።

በባላባቱ ሥርዓት ዘመን ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ይባሉ ነበር። ፋቂው ከመንደር ዳር እንዲሰፍር ይደረግ ነበር። አዝማሪው በድግስ መካከል ይፈለጋል፤ ድግሱ ሲያበቃ ይናቃል። ከ«ዘመረ» የተገኘው ስሙ ራሱ መስደቢያ እስከ መሆን ደረሰ። የዚህ ንቀት ሥር ጠልቆ ከተተከለባቸው አገሮች አንዱ ከፋ ነው። ከቦንጋ እስከ ጨና ወረዳ ዋና ከተማ እስከ ዋጫ ድረስ የማንጆ ተወላጅ ተሸክሞ ያመጣው ማገዶና ከሰል ለገበያ ሲቀርብ ይገዛል፤ ሸክላው ለቡና፣ ማረሻው ለእርሻ ይፈለጋል፤ ከባለቤቱ ጋር በአንድ ማዕድ መቁረስ ግን ለረጅም ዘመን ነውር ሆኖ ተቆጠረ። የሚገርመው ገንዘቡ አያረክስም፤ የሚያረክሰው የሰውየው እጅ ብቻ ነው የተባለው!

ይህ አስተሳሰብ በአዋጅ ያልተነቀፈ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት»፣ ጸሐፊውን «ጠንቋይ» እያሉ መስደብን ከለከሉ። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲደርሰው ደነገገ። መሬቱ ተከፋፈለ፤ ማዕዱ ግን አልተከፋፈለም። ምክንያቱም አዋጅ አፍን ይዘጋል እንጂ ልማድን ብቻውን አይነቅልም። ልማድን የሚነቅለው ትምህርትና ኪነ ጥበብ ነው፤ ኪነ ጥበብ ደግሞ በመጀመሪያ የራሱን ቤት መጥረግ አለበት።

ሙያና ማሲንቆ በአንድ ሰው እጅ ሊዋደዱ እንደሚችሉ ታሪካችን ግልጽ ምስክር አለው። ያ ምኒልክ አዋጁን ባስነገሩበት ዘመን ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። እዚያም ሳሉ በማሲንቆ እየታጀቡ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ እነዚህም የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ናቸው። በዘመኑ አዲስ የነበረውን ሞተር የተማረው እጅ የጥንቱን ደጋን ከመሳብ አልቦዘነም። ማንም ሞተሩ ዜማቸውን አበላሸው አላለም፤ ማንም ማሲንቆው ክብራቸውን ቀነሰው አላለም።

ለምን? ተሰማ እሸቴ ለቤተ መንግሥት የቀረቡ ባለማዕረግ ነበሩና ነው። በእሳቸው እጅ ማሲንቆው «ተሰጥዖ» ተባለ፤ በድሀው አዝማሪ እጅ «ልመና» ተባለ። የእሳቸው ሁለተኛ ሙያ «ሥልጣኔ» ተባለ፤ የድሀው ሁለተኛ ሙያ «ውርደት» ተባለ። ድምፃቸው የተቀረጸበት ሸክላ ሲከበር፣ ጭቃ አቡክታ ሌላውን ሸክላ የምትሠራው ሴት ተናቀች። ስለዚህ የተናቀው ሙያው አልነበረም፤ የተናቀው ባለሙያው ከየት መጣ የሚለው ነበር። ይህንን እውነት ሳያነሡ ስለ ባህል ክብር መናገር ባዶ ጩኸት ነው።

የአዝማሪን ኃይል ከእኛ ይልቅ ጠላት ያወቀበት ጊዜም ነበር። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቱ አገዛዝ ከጠንቋዮች ጋር በየመንገዱ የሚያዜሙትንም እያደነ እንዲፈጁ አዘዘ። መትረየስና አውሮፕላን የታጠቀ ሠራዊት አንድ አውታር ፈራ። ወገን ግን ያንን አውታር ከሰካራም ጫጫታ ለይቶ ለማየት ገና አልፈቀደም።

ዛሬ ሁለት ዓይነት ተከራካሪዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ባለማሲንቆውን በበዓል ቀን መድረክ ላይ አውጥተው፣ የባህል ልብስ አልብሰው፣ አስጨብጭበው ይሸኙታል፤ በማግሥቱ በምን እንደሚያድር አይጠይቁም። ሁለተኛዎቹ ደግሞ «እውነተኛ አርቲስት ከሆነ የእጅ ሙያውን ይተው፤ ሙያው ጥበቡን ያጎድፋል» ይላሉ። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ ሁለቱም ጥበብን ከሥራ ይለያሉ። ቆዳ ሲያለፋ የዋለ እጅ ቆዳው በምን ያህል ውጥረት እንደሚያስተጋባ ያውቃል። ብረት ሲመታ የዋለ ክንድ ምት አይጠፋበትም። ሙያው የጥበቡ ትምህርት ቤት እንጂ ጠላቱ አይደለም። ጠላቱ ሙያውን ሸሽጎ እንዲኖር የሚያስገድደው ኀፍረት ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የባህል ቅርስ መጠበቅንና ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ ማድረግን የመንግሥት ኀላፊነት አድርጎታል። ይህ ኀላፊነት በዋጫ መድረክ ላይ ምን መልክ ይኖረዋል? በመድረኩ ላይ የሚሰማው ማሲንቆ ይሁን ክራር ወይም ከበሮ፣ የተጫዋቹ ስም ሲጠራ የመሣሪያው ሠሪ ስም አብሮ ይጠራ። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ብረት ሠሪውና ወደ ፋቂው ደጅ ይውሰዳቸው። የባህል ሠራተኛው ለበዓል ጭብጨባ ከሚያወጣው በጀት ለወጣት ለማጆች ድርሻ ይመድብ። ጸሐፌ ተውኔቱም ባለ እጁን እንደ ቡዳና እንደ ማሳቂያ ከመሳል ይታቀብ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የመድረኩ መብራት ከጠፋ በኋላ በሚቀርበው ማዕድ ባለማሲንቆው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋና ማንጆው ከሌላው እኩል ይቀመጡ። ከዚያ ማዕድ የጎደለ ሰው ካለ፣ በመድረኩ ላይ የተባለው ሁሉ ሐሰት ነበር።