"ሕዝባችን አያነብም" ለምትሉ ሁሉ፦ ቁይ መጥታችሁ ታውቃላችሁ?

መቼም እዚህ አገር የመጽሐፍ ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ ሰው ማይክ ይዞ "ሕዝባችን የማንበብ ባህል የለውም" ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ከመደጋገሙ የተነሣ የመክፈቻ ጸሎት መስሏል። ተናጋሪው ይላል፣ ታዳሚው ራሱን ይነቀንቃል፣ ሻይ ቡና ይቀርባል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። የሚገርመው ደግሞ ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው፤ የሚታማው ሕዝብ ግን አዳራሹ ውስጥ የለም።

እኔ ዛሬ ለታማው ሕዝብ ጠበቃ ልቆምለት ነው። ክርክሬ አጭር ናት። ሕዝቡ መጽሐፍ አልጠላም፤ መጽሐፉ ነው ሕዝቡ ዘንድ ያልደረሰው። መድኃኒቱም ሌላ የአዳራሽ ጉባኤ አይደለም። በየዓመቱ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚካሄድ፣ አንባቢና ጸሐፊ ፊት ለፊት የሚተያዩበት የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ነው። የት? ቁይ።

"ቁይ ደግሞ የት ናት?" ካላችሁ ነገሬን አገዛችሁልኝ።

ሰፈሩን እናውቀዋለን፣ ሰዉን ግን አናውቀውም

ቁይ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ታሪካዊ ናት፣ ውብ ናት፣ ምናምን እያልኩ የቱሪዝም ማስታወቂያ አልሠራላችሁም። የመረጥኳት እንዲያውም እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ስለሆነች ነው። ገበያ አላት፣ ትምህርት ቤት አላት፣ ቤተ ክርስቲያን አላት፣ የሥራ ያለህ የሚል ወጣት አላት። እንደሷ ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ከተሞች አሉን። በእንደነዚህ ዓይነቶቹ ከተሞች "የጽሕፈት መሣሪያና መጻሕፍት መደብር" የሚል ታፔላ አይታችሁ ዘው ብትሉ፣ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ ደብተር፣ እስክሪብቶና የፈተና መለማመጃ ነው።

ጎረቤቶቿን ግን እዩልኝ። ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን የቀሰሙት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" የተተከለውም እዚሁ ምድር ላይ ነው። በዛብህን ከማንኩሳ አንሥተው ዲማ ያደርሱታል። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምርላቸው ይቀጥሩታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። የማትረሱት አንድ ነገር ግን ይኑር፦ በልቦለዳችን ውስጥ ትልቁ ፍቅር የተጀመረው በንባብ ትምህርት ላይ ነው።

እንግዲህ እኛ የከተማ አንባቢዎች ዲማን እናውቃታለን። ጉዱ ካሣን እየጠቀስን ካፌ ውስጥ እንፈላሰፋለን። ለእኛ ይህ አገር ሁሉ "መቼት" ነው፤ ታሪክ የሚፈጸምበት ቦታ። ታሪኩን አንብቦ አስተያየት የሚሰጥ ሰው እዚያ ይኖራል ብለን አስበን አናውቅም። ገጸ ባሕርይ ከጎጃም እናመጣለን፣ አንባቢ ግን አዲስ አበባ ብቻ እንፈልጋለን። ጎበዝ፣ ይሄ ምን ዓይነት ንግድ ነው?

ድግሱ የት ነው የሚደገሰው?

እስኪ አብረን እንቁጠር። ግጥምን በጃዝ በ2003 ዓ.ም. ተጀመረ፤ አዲስ አበባ፣ ራስ ሆቴል። "ንባብ ለሕይወት" የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ አዲስ አበባ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ተከፈተ፤ አዲስ አበባ። እነዚህን የጀመሩትን ሰዎች አመሰግናለሁ እንጂ አልወቅስም። ባይኖሩ ኖሮ እኔም ዛሬ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር። ነገር ግን ጋዜጠኝነት ስንማር "ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ" የሚሉትን ጥያቄዎች አሸምድደናል። "የት" የሚለውን ደጋግማችሁ ስትጠይቁ አንድ መልስ ብቻ ከመጣ፣ ቀጥላችሁ "ማን ቀረ?" ማለት አለባችሁ።

የቀረው ሰው ደግሞ "አያነብም" እየተባለ ይታማል። ወደ ድግሱ ያልጠራኸውን ሰው "በላተኛ አይደለም" እንደማለት ነው።

አያነብም? ማስረጃውን እንየው

አንደኛ፣ ሬዲዮ። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማው ሕዝብ መጽሐፉን ገዝቶ ካነበበው ጋር አይወዳደርም። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሳይቀር ለበዛብህ አዝኗል፣ ፊታውራሪ መሸሻን ታዝቧል። ያ ሰው መጽሐፍ አይወድም ትሉኛላችሁ? የጎደለው ፍቅሩ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ስልክ። ደራስያን "መጽሐፋችን በፒዲኤፍ ተሰርቆ በቴሌግራም ተበተነ" እያሉ ሲያለቅሱ ዓመታት አለፉ። እውነታቸውን ነው፤ ስርቆት ነው፤ እኔም አልደግፍም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የማያነብ ሕዝብ መጽሐፍ ምን ሊያደርግለት ይሰርቃል? ልቦለድ ብዙ መቶ ብር በገባበት ዘመን፣ ሻጩም በሌለበት ከተማ፣ የተማሪው ምርጫ ምን ነበር? ሌብነቱን እያወገዝን ረሃቡን እንዳላየ ማለፍ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ እና ዋናው፣ ቅኔ ቤት። ይህን የማነሣው "ጎጃም የቅኔ አገር ነው" ብዬ ደረቴን ለመንፋት አይደለም። አሠራሩን እዩት ለማለት ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ሜዳ ወጥቶ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። ከዚያ መምህሩና ጓደኞቹ ፊት ያቀርባል። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ አዲስ ማምጣት አለበት። ከሳተ በሰው ፊት ይታረማል። እስኪ ከዘመኑ ደራስያን ስንቱ ነው እንዲህ ያለ ፈተና ላይ የሚቀመጠው? የእኛ የምረቃ ፕሮግራም እንደሆነ "ድንቅ ሥራ ነው" ተብሎ ተጨብጭቦ ፎቶ ተነሥቶ ያልቃል።

"በጀቱስ?" ለሚሉ ደግሞ ቅኔ ቤት ሌላም መልስ አላት። ያ ተማሪ ከሩቅ አገር ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ መጥቶ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ለምኖ ነው የተማረው። ቁራሹን የሰጠው ማን ነው? ገበሬው። የገበሬው ሚስት። የኢትዮጵያ ግጥም ትልቁ ስፖንሰር ባንክ ወይም ቢራ ፋብሪካ አይደለም፤ ስሙ ባነር ላይ ያልተጻፈለት የጎጃም ገበሬ ነው። ለዘመናት ግጥም የቀለበውን ሕዝብ ነው እንግዲህ ዛሬ "ሥነ ጽሑፍ አይገባውም" የምንለው።

አንድ ነገር ግን አልሸሽግም፤ ቅኔ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የወንዶች ግዛት ነበረች። ሆኖም እዚያው ጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ አስተምረው ወንዶቹን አስመርቀዋል። ስለዚህ የቁይ ፌስቲቫል ከቅኔ ቤት የሚወስደው ፈተናውን ይሁን እንጂ በሩን መዝጋቱን አይሁን።

ትንሽ ከተማ ይህን አትችልም?

በዌልስ ሃይ የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዋ 2 ሺ ገደማ ቢሆን ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሪቻርድ ቡዝ የተባለ ሰው አሮጌ መጻሕፍት መሸጥ ጀመረባት፤ በ1977 ይባስ ብሎ "የሃይ ንጉሥ ነኝ" ብሎ አወጀ። ዓለም ሳቀበት፣ ከተማዋ ግን ታወቀችበት። በ1988 የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ተጀመረባት። ዛሬ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው።

"እነሱማ ሀብታም ናቸው" ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ጎረቤት እንሂድ። ሃይ ፌስቲቫሏን በጀመረችበት በዚያው በ1988 ሐርጌሳ በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላኖች እየተደበደበች ፈራርሳ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ሐርጌሳ የራሷን ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ጀመረች። ሶማሌ ግጥሙን በቃል ይዞ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ልክ እንደ ቅኔ ቤቶቻችን። "የቃል ባህል ስላለን ለመጽሐፍ አንሆንም" አላሉም። የቃሉን ፍቅር ወደ መጽሐፉ አሻገሩት።

እንዴት ይሁን?

ሐሳብ ብቻ ወርውራ ጠፋች እንዳትሉኝ፣ ይኸው።

ጊዜው አዝመራ ተሰብስቦ ገበሬው ፋታ የሚያገኝበት ጥር ወይም የካቲት ይሁን፤ ከገበያ ቀን ጋር ይግጠም። መጽሐፍ ከጤፍና ከበርበሬ ጎን ቢቆም አይረክስም።

የባለሥልጣን ንግግር አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። "ክቡራትና ክቡራን" ብቻውን ሁለቱን ደቂቃ ስለሚወስድ ሦስቱን በደንብ ይጠቀምባቸው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ደራሲ ሊመክር አይምጣ፤ ሊጠየቅ ይምጣ። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ "ይሄ ምዕራፍ ሰለቸኝ፤ ለምን አስረዘሙት?" ብትለው መልስ ይስጣት። መድረኩ እኩል ይከፈል፦ ግማሹ ለእንግዳ፣ ግማሹ ለአገሬው። የቅኔ መምህሩ፣ አዝማሪው፣ አልቃሿ እናት፣ በስልኳ ግጥም የምትጽፈው ልጅ ይቅረቡ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ እንግዶቹ ሲሄዱ መጻሕፍቱ አይሂዱ። እያንዳንዱ አሳታሚ አንድ ካርቶን ለከተማዋ ትምህርት ቤት ጥሎ ይሂድ። ቲሸርትና ኮፍያ ይቅርብን። በሚቀጥለው ዓመት ስንመለስ ያቺ ካርቶን ውስጥ ስንቱ መጽሐፍ በመነበብ ብዛት እንደተቀደደ እንቁጠር። የንባብ ባህል ጥናት ማለት ለእኔ ያ ነው።

"በዚህ ጊዜ?" ለሚለው

ከባዱን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገብቷል። ጎጃም ከከፋባቸው አንዱ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ስንቱ ልጅ ከክፍል ውጪ ዓመታት ባክኖበታል። "ሰው እየሞተ አንቺ ስለ ፌስቲቫል ታወሪያለሽ?" የሚለኝ ሰው ቢቆጣ አልፈርድበትም። ነፍስ ትቀድማለች። መንገዱ ሰላም ሳይሆን ደራሲም ተማሪም ጫኑ አልልም።

ግን ጦርነቱን ምክንያት አድርገው የሚሸሹትን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ከ2015 በፊት መንገዱ ክፍት ነበር። ማን መጣ?

ደግሞስ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ ነው መጽሐፍ የማያስፈልገው? ክፍል የሌለው ልጅ ገጽ እንኳ ይኑረው እንጂ! ደብተሩን አጥፎ ያስቀመጠ ልጅ ከማንበብ ጋር ከተለያየ፣ ሰላም ሲመጣ ትምህርት ቤቱን መክፈት ይቻል ይሆናል፤ ልጁን መመለስ ግን ከባድ ነው። አሁን መጀመር የምንችለው አለ። ሬዲዮ በኬላ አይቆምም። ወጋየሁ ያደረገውን ዛሬ የሚያደርግ ድምፅ አላጣንም። የመጀመሪያው ዓመት ፌስቲቫል በሬዲዮ ይሁን፤ ደራሲው ያንብብ፣ አድማጩ ከቁይ፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ መስመር ባገኘ ጊዜ ደውሎ ይሞግተው። መንገዱ ሲከፈት ካርቶኑ ይከተላል፤ ከካርቶኑ ኋላ ሰዉ።

ስለዚህ እናንተ ማይክ የያዛችሁ ታላላቆቼ፣ አሳታሚዎች፣ የደራስያን ማኅበር፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምወዳችሁ ደራስያን፦ "ሕዝባችን አያነብም" የሚለውን ለአንድ ዓመት አሳርፉልን። በምትኩ አንድ ካርቶን አዘጋጁ። በላዩ ላይ "ቁይ" ብላችሁ ጻፉበት።

ከዚያ በኋላም ሰዉ ካላነበበ፣ ያን ጊዜ አብረን እናማዋለን።