«የግንዛቤ ማነስ» የማን ነው?

በየወረዳው የጤና ሪፖርት ውስጥ አንዲት ሐረግ አለች። ዓመተ ምሕረቱ ይለወጣል፣ ፈራሚውም ይለወጣል፣ እርሷ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም፦ «በወላጆች የግንዛቤ ማነስ ምክንያት»። ሕፃናቱ ያልተከተቡት በወላጆች የግንዛቤ ማነስ ነው። የተጀመረው ክትባት ያልተጠናቀቀውም በዚሁ ነው። ኩፍኝ ሲገባም ተጠያቂዋ ያችው የቆላ እናት ናት። እኔ ይህችን ሐረግ ማብራሪያ አልላትም። ክስ ናት፤ ያውም ተከሳሿ በሌለችበት የተነበበች።

እንዲህ የምለው በስማ በለው አይደለም። ትውልዴ ይፋት ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ከሚወስደው አስፋልት ወጣ ባለ አንድ ቀበሌ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘጠኝ ወር የሞላውን ልጇን አዝላ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ለመድረስ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዛ አንድ ጤና ኬላ ደረሰች። ያገኘችው መልስ «ለአንድ ልጅ ተብሎ ብልቃጥ አይከፈትም፤ ሌሎች ሲሟሉ ትመጫለሽ» የሚል ነበር። መቼ እንደሚሟሉ የነገራት የለም። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ ሄደች፤ ሠራተኛዋ ለሥልጠና ወደ ወረዳ ሄዳ ኖሮ በሩን ተቆልፎ አገኘችው። ከዚያ የማሽላ አጨዳ ደረሰ፤ ለሦስተኛ ጊዜ አልሄደችም። ልጁ በኩፍኝ ተያዘ። በፈጣሪ ቸርነት ነፍሱ ተርፋለች፤ የግራ ዓይኑ ግን ዛሬም አጥርቶ አያይም።

በዚያ ዓመት ሪፖርት ይህች ሴት በየትኛው ምክንያት ሥር እንደ ተመዘገበች መገመት አይከብድም።

የብልቃጡ ነገር ግር ለሚለው አንባቢ ላብራራ። የኩፍኝ ክትባት ለብዙ ሕፃናት የሚበቃ ሆኖ በዱቄት መልክ በአንድ ብልቃጥ ይመጣል። እንደ ተወለዱ ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሚሰጠው ደግሞ አንዱ ብልቃጥ ለ20 ሕፃናት ነው። ዱቄቱ አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ለአንድ ልጅ ብላ የከፈተች ሠራተኛ የደፋችው ሁሉ በብክነት ይመዘገብባታል። ሳይከተብ የተመለሰው ሕፃን ግን በማንም ስም በብክነት አይመዘገብም! የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድም ሕፃን ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ብሎ ይመክራል፤ የመድኃኒት ቁጠባ የሚቆጣጠር አለቃ ያለባት ልጅ ግን ምክሩን ሳይሆን አለቃዋን ትሰማለች። በእርሷ አልፈርድም። ደመወዟን፣ የተጫነባትን የስብሰባና የሪፖርት መዓት፣ በእግሯ የምታቋርጠውን ሜዳ የሚያውቅ ሰው አይፈርድባትም።

ቁጥር ለሚወድ ሹም ደግሞ ቁጥር እንስጠው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መካከል 73 በመቶዎቹ የመጀመሪያውን የፔንታ ክትባት ማግኘታቸውን አሳይቷል። ይህ በስድስት ሳምንት የሚጀመረው፣ ከዘጊ አናዳ፣ ከትክትክና ከመንጋጋ ቆልፍ ጭምር የሚከላከለው መርፌ ነው። ሦስተኛውን፣ በዐሥራ አራት ሳምንት የሚሰጠውን፣ ያገኙት ግን 53 በመቶ ብቻ ነበሩ። መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያገኙት 39 በመቶ፣ አንድም ያላገኙት 16 በመቶ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ያሟሉት 43 በመቶ ደረሱ።

እስቲ አብረን እናስላ። ከመቶ ሕፃናት የሃያው ወላጆች ክትባት ይጠቅማል ብለው ወስነዋል፣ መጥተዋል፣ አስከትበዋል፤ ሦስተኛው ላይ ግን አልደረሱም። ከመጀመሪያው መርፌ እስከ ሦስተኛው ያለው ጊዜ ስምንት ሳምንት ነው። የሰው ግንዛቤ በስምንት ሳምንት ውስጥ ይተናል? ግንዛቤ ያነሳት እናት መጀመሪያውኑስ ለምን መጣች? አንድም ያላገኙት 16ቱ ሁሉ እንቢተኞች ናቸው ብንል እንኳ (አይደሉም) የቀሩበት ምክንያት ከእናትየው ጭንቅላት ውጭ የሚፈለግ ልጅ ቁጥሩ ይበልጣል።

ለነገሩ፣ ክትባት የሚለው ቃል ራሱ ከየት መጣ? ክታብና ክትባት ሥራቸው አንድ ነው። በይፋት ክርስቲያኗም ሆነች ሙስሊሟ እናት ልጇ ሳይታመም ክታብ ስታስርለት አይተን አድገናል። ክታቡ ያድናል አያድንም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ሕፃን ከመታመሙ በፊት ይጠበቅ የሚለውን አሳብ ግን ከማንም ባለ ፕሮጀክት አልተማረችውም። ከፈንጣጣ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ ጤነኛውን መከተብም በሀገራችን የቆየ ልማድ ነበር፤ በ1960ዎቹ ፈንጣጣን ለማጥፋት የተሰማሩት ቡድኖች ሲሠራበት አግኝተውታል። አደገኛ ልማድ ነው፣ በሽታውንም ያዛምት ነበር። እነዚያ ቡድኖች ተቃውሞም ገጥሟቸዋል። ይሁን እንጂ አብዮት በሚንጣት ሀገር በእግርና በበቅሎ እየዞሩ ሠርተው፣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ ተገኘ። የፈንጣጣው ክትባት ሙቀት የሚችል መሆኑ እንደ ረዳቸው አልክድም። የዛሬዎቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሻሉ፤ የይፋት ቆላ ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው። ያም ሆኖ ያኔ ክትባቱ ወደ ሰው ሄደ። ዛሬ ሰው ወደ ክትባቱ ይምጣ፣ ሲመጣም ቁጥሩን አሟልቶ ይምጣ ተብሏል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ይህን ለማረም የታሰበ ነበር፤ ብዙም አርሟል። ብልቃጡ ጋ ሲደርስ ነው የቆመው።

የሚያቅማማ ወላጅ የለም እያልሁ አይደለም። አለ። «ባለፈው ተወግቶ ሌሊቱን ሲያቃጥለው አደረ፣ ይተውልኝ» የሚል አባት በይፋት ብቻ ሳይሆን በቦሌም ታገኛላችሁ። መርፌው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ትኩሳት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ትኩሳቱም እንደሚያልፍ አስቀድሞ የነገረው የለም። ሳይነግሩት ቀርተው አላወቀም ብለው ይከሱታል። «መርፌው ያመክናል» የሚለውን ወሬስ ማን አሠራጨው? በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ክትባት ሲገባ ወሬውን ከስልክ ወደ ስልክ ሲያመላልስ የነበረው የጀውሃ ከብት ጠባቂ አልነበረም። ዲግሪ የያዘው፣ ባሕር ማዶም የሚኖረው፣ የገዛ ልጆቹን የክትባት ካርድ አሟልቶ በመሳቢያ ያስቀመጠው ወገናችን ነበር። (ከሥራ ባልደረቦቼ መካከልም ነበሩ፤ ይቀየሙኝ።)

ጦርነቱን ሳልጠቅስ ባልፍ አባይ እባላለሁ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ነደደች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ወደቀ። በአማራ ክልል ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ማቀዝቀዣ የተወሰደበት ተቋም ክትባት የት ያስቀምጣል? የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንደ ገመቱት እ.ኤ.አ. በ2023 በመላ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፔንታ መርፌ እንኳ ያላገኙ ሕፃናት 917 ሺህ ነበሩ። መንገድ የዘጋ ሁሉ፣ መለዮ ለባሽም ይሁን ጫካ የገባ፣ በዚህ ቁጥር ውስጥ ድርሻ አለው። እርሱንም «የግንዛቤ ማነስ» እንበለው?

ምን ይደረግ ለሚለኝ አንባቢ ሁለት ነገር አለኝ። የመጀመሪያው ሰንበቴ ነው። እሑድ እሑድ በሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛል፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። ዐሥር ልጅ ስጡኝ የሚል ብልቃጥ በዚያ ዐሥር ልጅ ለማግኘት ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። መንገዱ ሰላም በሆነበት እሑድ ሁሉ የክትባት ሣጥን የያዙ ሁለት ሠራተኞች በገበያው ጥግ ይቀመጡ፤ ለዕረፍት ቀናቸውም ተገቢው ይከፈላቸው።

ሁለተኛው ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም። በሪፖርቱ ቅጽ ላይ «መጥተው ሳይከተቡ የተመለሱ» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ብልቃጥ ባለመከፈቱ፣ ክትባት ባለመኖሩ፣ በሩ በመቆለፉ እየተባለ ምክንያቱ በጎኑ ይጻፍ። ይህ ዓምድ ለአንድ ዓመት ተሞልቶ ይቅረብና፣ ስለ አክስቴ ልጅ ግንዛቤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።