ሁለቱ ዓይኖች ሲለያዩ ዝም አንበል

ገበሬ በሬ ሊገዛ ማክሰኝት ገበያ ሲወርድ ዝም ብሎ ገንዘቡን አይቆጥርም። ጥርሱን ያያል፤ ሻኛውን ይዳስሳል፤ ዓይኑንም ያያል። አንዱ ዓይን ካነሰ ወይም ካለቀሰ «ይኸስ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ሻጩን አጥብቆ ይጠይቃል። ደግ ያደርጋል። ታዲያ ለበሬው ያደረግነውን ለልጃችንና ለራሳችን ለምን አናደርግም?

እኔ ራሴ ግራ ዓይኔ ከቀኙ ጠበብ ያለ ነው። ስወለድም እንዲሁ እንደነበር እናቴ ትነግረኝ ነበር። እስካሁን አንድም ቀን አላመመኝም። ስለዚህ ዓይኑ እኩል ያልሆነ ሰው ሁሉ በሽተኛ ነው አልልም። የማንም ሰው ፊት ግራና ቀኙ ልክ እኩል አይደለም። ብሌናቸው፣ ማለት በዓይን መካከል ያለችው ጥቁር ክብ፣ በጥቂቱ የሚበላለጥ ጤነኞችም ብዙ ናቸው።

ዋናው ጥያቄ አንድ ነው። ልዩነቱ የቆየ ነው ወይስ አዲስ? ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የድሮ መታወቂያችሁን አውጡና ፎቶግራፉን እዩ። በፎቶግራፉም እንዲሁ ከሆነ፣ ሕመምም ከሌለው፣ በደንብም ካያችሁ፣ አትደንግጡ። በፎቶግራፉ ላይ ከሌለ ግን አዲስ ነገር መጥቷል ማለት ነው።

አዲስ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። የዓይንን ቆብ የሚያነሡት፣ ዓይንን የሚያዞሩት፣ ብሌኑንም የሚያጠቡትና የሚያሰፉት ነርቭ የሚባሉ ከአንጎል የሚመጡ ቀጫጭን ጅማቶች ናቸው። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ በሽታው ያለው ራስ ቅል ውስጥ ሆኖ ምልክቱ በዓይን ይታያል።

በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ የሚያስሮጡት እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ የአንድ ዓይን ቆብ ድንገት ሲወድቅ፣ በተለይም ብርቱ ራስ ምታት ሲኖር ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ሲታይ።

ሁለተኛ፣ ፊት በአንድ ወገን ሲወርድ፣ አፍ ሲጣመም፣ እጅ ወይም እግር ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር።

ሦስተኛ፣ ራሱን የተመታ ወይም ከዛፍ የወደቀ ሰው አንዱ ብሌን ከሌላው ሲሰፋ። «ይተኛ፣ ይሻለዋል» አትበሉ።

አራተኛ፣ እሾህ፣ የእንጨት ፍንጣሪ ወይም በውቂያ ጊዜ ገለባ ዓይንን ወግቶ ብሌኑ ክብነቱን ሲያጣ። ዓይኑን አትሹት፣ አትጫኑት። ቅጠልም ሆነ ቅቤ አታድርጉበት። ሳይነካ ከልላችሁ ውሰዱት።

አምስተኛ፣ አንዱ ዓይን አብጦ ወይም ወደ ውጭ ወጥቶ ትኩሳት ሲኖር፣ ወይም ዓይን ቀልቶና አምሞ ማየት ሲቀንስ።

አሁን ወደ ልጆች ልምጣ፤ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የእነሱ ነው። የሕፃን ዓይን ሲንሸዋረር ሰው ሁሉ «ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። እርግጥ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት የሕፃን ዓይን አልፎ አልፎ ይባክናል። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ዓይን ዘወትር ወደ ጎን ከሄደ ዝም ማለት አይገባም። ማየት እንደ ንባብ የሚለመድ ነገር ነው። አንጎል የሚለምደው ደግሞ በልጅነት ነው። ልጁ ሰባትና ስምንት ዓመት እስኪሆነው ከቆየን የሰነፈውን ዓይን መመለስ ከባድ ይሆናል። ቆቡ ወርዶ ብሌኑን የሸፈነበት ሕፃንም እንዲሁ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራው በልጅ ብሌን ውስጥ የሚታይ ነጭ ነገር ነው። በብርሃን ሲታይ እንደ ድመት ዓይን ያበራል። ይህ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል። ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ካንሰሩ በጊዜ ከተደረሰበት ልጁ ይድናል። ከዘገየ ግን ወደ አንጎል ይዘልቅና ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ይወስዳል። ለዚህ እህሉ እስኪሰበሰብ መጠበቅ የለም።

በእኛ በአማራ አገር ደግሞ አንዱን ዓይን የሚያጠብ ሌላ የቆየ ጠላት አለ። እሱም ትራኮማ ነው። ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዓይንን ይወጋል። ሰውየው ከሥቃዩ ብዛት ዓይኑን ጨፍኖ ይውላል። እናቶቻችን በወረንጦ ይነቅሉታል፤ ተመልሶ ይበቅላል። መፍትሔው ቆቡን የሚያቃና ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው። በሽማግሌዎችም አንዱ ብሌን ቀድሞ ከነጣ «እርጅና ነው» ብቻ ብለን አንተወው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ1000 ኢትዮጵያውያን 16ቱ ዓይነ ሥውር ነበሩ። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ የታወሩት በዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል።

ታዲያ ምን አዘገየን? አንዱ አጉል ስም ነው። ቆቡ የወደቀውን «ቡዳ በላው»፣ ዓይኗ የዞረውን ልጅ «ሸውራራ» እንላለን። ይህን የሰማች እናት ልጇን በነጠላ ሸፍና ታሳድጋለች። የተሸፈነ ዓይን አይታከምም። ሌላው ቅንድብ መብጣት ነው። ምላጩ ቁስል ይጨምራል እንጂ በሽታውን አያወጣም። ጠበል የሚሄደውን ሰው አልከለክልም። ሕክምናውን ግን ይተው አልልም።

«ጊዜው የእርሻ ነው፣ ገንዘብም የለም» የሚል ይኖራል። ችግሩን አውቀዋለሁ፤ እኔም ገበሬ ነኝ። ግን እናስላው። አንድ ቀን የቆመ እርሻ ነገ ይታረሳል። የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም፤ መሪ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ሁለት ሰው ከሥራ ያወጣል። መጀመሪያ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ፤ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። የጤና መድን ያላችሁ ደብተሩን ያዙ። ከዚያ ካለፈ ጎንደር ሩቅ አይደለም፤ ከማክሰኝት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው። ከላይ የቆጠርኳቸው አምስቱ ምልክቶች ሲታዩ ግን ሐኪም ወዳለበት በቀጥታ ነው።

አሁን ይህን ጋዜጣ እንደያዛችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ግራ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ጋርዱና ይህን መስመር አንብቡ። ቀጥሎ ቀኙን ጋርዱና እንደገና አንብቡ። በአንዱ ፊደሉ ከደበዘዘ ታዩት። ማታም ልጆቻችሁን እንዲሁ እያጫወታችሁ ሞክሯቸው። አንዱን ዓይን ስትጋርዱበት የሚያለቅስና እጃችሁን የሚገፋ ሕፃን ካለ፣ ሌላው ዓይኑ አያይ ይሆናልና አሳዩት።

ዓይን ሁሉን ያያል፤ ራሱን ግን አያይም። የባልንጀራችሁ ዓይን ዛሬ ከትናንት ተለይቶ ካያችሁ፣ አፍራችሁ ዝም አትበሉ። «ወንድሜ፣ ዓይንህ ምን ሆነ?» በሉት። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም ይህን አንብቡለት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።