መዳልውና አድልዎ

ዛሬ በገበያ ቆሞ «መዳልው አምጣልኝ» የሚል ነጋዴ አይገኝም። ቡና ሻጩም በርበሬ ሻጯም የሚያውቁት ሚዛንን ነው። መዳልው ግን የሚዛን የግእዝ ስሙ ነው። ግንዱም «ደለወ» የሚለው ግሥ ሲሆን ትርጉሙ መዘነ፣ ተገባ፣ ተስማማ ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ሚዛን የዓረብ ቃል ስለሆነ ትተነው ወደ ጥንቱ እንመለስ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በዓረብኛ የቃሉ ሥር ወ፣ ዘ፣ ነ ነው፤ «ሚ» የመሣሪያ ስም ለማበጀት የተጨመረ ነው። የእኛ ሰው ግን ያንኑ ተጨማሪ ፊደል እንደ ሥር ቈጥሮ «መዘነ» አለ፤ ቀጥሎም ተመዛዘነ፣ መመዘኛ፣ ሚዛናዊ እያለ አራባው። ይህን ያህል ከተዋለደ በኋላ እንግዳ ነህ ብሎ ማባረር ግፍ ይመስለኛል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ይኸውም መዳልው ከገበያ ቢወጣም ልጆቹ በአፋችን ሳሉ ወላጃቸውን አለማወቃችን ነው። ድሎትና ተድላ ከደለወ የወጡ ናቸው። ጳጳስ በሚሾምበት ቀን «ይደልዎ» ይባላል፤ ይገባዋል ማለት ነው። ከዚሁ ግንድ ደግሞ «አድልዎ» ወጣ፤ ይህም ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ማጋደል ነው። ሁለቱ ቃላት በጽሕፈት ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ተመልከቱ! በሥራ ግን አንደኛው የሌላው ጠላት ነው።

የክፍል አለቃ ስንመርጥ የሰፈሩን ልጅ ብቻ እያየ እጁን የሚያነሣ ተማሪ አለ። አዳላህ ሲሉት «ወዳጄን ወደድሁ እንጂ ማንን ጠላሁ?» ብሎ ይመልሳል። ሥሩን ያወቀ ሰው ግን በዚህ መልስ አይረታም። ባለ ሁለት ሳህኑን ሚዛን እናስብ። አያቶቻችን ወርቅ ሲመዝኑ በአንደኛው ሳህን 28 ግራም ያህል የሚከብደውን የማርያ ቴሬዛ ብር ያኖሩ ነበር፤ ወቄት የሚሉትም ይህንኑ ክብደት ነው። ወርቁ ያለበትን ሳህን በጣቱ የተጫነ ሻጭ «ብሩን አልነካሁም» ቢል ገዢው ያምነዋልን? አንዱ ሲወርድ ሌላው ሳይነካ ይነሣል።

እንግዲህ የአማርኛ መምህራኖቻችን አድልዎ መጥፎ ነው ከማለት አልፈው ሥሩን ጭምር ቢያሳዩን እወዳለሁ። የሚጠራጠር ተማሪ ቢኖር የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን በ1948 ዓ.ም. የታተመ መዝገበ ቃላት ይግለጥ። መጽሐፉ የተሰደረው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ስለሆነ «ደ» አራተኛ ናት፤ ፈላጊዋን ብዙ አታደክምም።